የላይኛው ግማሽ

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ወትሮዬ ተነሳሁ። መስኮት ከፈትኩ፣ አልጋ አነጠፍኩ፣ ውሃ ጣድኩ። ውሃው እስኪፈላ የትናንቱን ዳቦ ቆራርጬ መጥበሻ ላይ አሞቅሁ። ከታች፣ ጡረታ የወጣው ባቡር ነጂ ጎረቤታችን ደረጃውን እየጠረገ ያፏጫል፤ ፉጨቱን ካልሰማሁ ቅዳሜ መሆኑን አላምንም። ሻዬን ይዤ ሳሎን ገባሁና ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ቀጥዬ ከሥሩ ያለውን ጥቁር የጌም ማሽን ከፈትኩ። ማሽኑ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና ዝም አለ። ደግሜ ተጫንኩት። ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ ሲዲው መዞር ጀመረ።

ማሽኑን ባለቤቴ የገዛው በተጋባን ዓመት ነው፤ ያውም አሮጌ፣ ያውም የምግብ ጠረጴዛ ሳይኖረን። «እንግዳ ቢመጣ ምን ላይ ሊበላ ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ጌም እያየ ቆሞ ይበላል» አለኝ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ ነበር። ቀኑን ሙሉ አንዲት መብራት ሥር ጎንበስ ብሎ የማያውቀውን ሰው መንጋጋ በጀሶ ሲቀርጽ ይውላል። ቤት ሲገባ እጁን ደጋግሞ ይታጠባል፤ ጀሶው ግን ከጥፍሩ ሥር ሙሉ በሙሉ ወጥቶ አያውቅም።

የነበረን ጌም አንድ ነው። ሌላ አልገዛንም፣ አላማረንምም። ውስጧ ባዶ የሆነች ጨረቃ አለች፤ በዚያ ባዶ ውስጥ ማን እንደሠራው የማይታወቅ አገር አለ፤ መሬቱ ወደ ላይ እየታጠፈ ሄዶ ራስህ ላይ ሰማይ ይሆናል። ብረት የለበሰ ወታደር እዚያ ይወድቅና መውጫ ይፈልጋል። ጠላቶቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። ከሁሉ ትንንሾቹ ወታደሩን ገና ሲያዩት እየጮኹ ይበተናሉ። ባለቤቴ እነሱን «ታካሚዎቼ» ይላቸዋል። «መጡልሽ ታካሚዎቼ። እኔ እኮ ነቃይ አይደለሁም፣ ሠሪ ነኝ። ማን ይስማኝ።»

ሁለት ሰው ሲጫወት ቴሌቪዥኑ ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ግማሽ የአንዱ ወታደር ዓይን የሚያየውን ያሳያል። እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። ለምን ሁልጊዜ አንተ ከላይ ስለው «በቁመት ነው» ይል ነበር። እኔ የምሠራው ካርታ በሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ስለሆነ መንገድ የማሳየት ሥራ የእኔ ነው። ክፍሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆኑበት ምዕራፍ ነበር፤ እሱ እዚያ ሲገባ ገበያ ውስጥ እናቱ እንደጠፋችበት ልጅ ይሆናል። «ግራ» እለዋለሁ። ቀኝ ይሄዳል። «የጥርስ ግራ አይደለም፣ የራስህ ግራ» እለዋለሁ። ለካ የሚቀርጸውን መንጋጋ ሁልጊዜ ከፊት ለፊት ስለሚያየው ግራና ቀኙ ተገላብጦበት ነበር።

ጌሙ አንድ ሕግ አለው። ከሁለቱ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ከውጊያው መውጣትና መደበቅ አለበት። ጠላት እስካየህ ድረስ የወደቀው አይነሳም። ሰላም ያለበት ቦታ ስትደርስ ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ከአጠገብህ ብድግ ይላል። ባለቤቴ በኑሮው ዝንብ አይጎዳም፤ ጌም ላይ ግን ዘሎ መሀል ገብ ነበር። ይወድቃል። ከዚያ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ያስቀምጥና፣ «ተደበቂልኝ እንጂ» ይለኛል። እኔ ሮጬ ድንጋይ ሥር እገባለሁ። «መጣሁ» ይላል።

ሌላው የማንግባባበት ነገር ፊልሙ ነው። በምዕራፍና በምዕራፍ መካከል አጭር ፊልም አለ። ሁለት ሆነን ብንጫወትም ፊልሙ ላይ የሚታየው ወታደር አንድ ብቻ ነው።

«ያ እኔ ነኝ» ይላል ባለቤቴ።

«አንተ አሁን ገደል ገብተህ አልነበር?»

«ተነሳሁ እኮ።»

«ያስነሳሁህ እኔ ነኝ። ስለዚህ እኔ ነኝ።»

«አንቺማ ካሜራ ይዘሽ ነው። ሰው ራሱን አያነሳም።»

በትዳራችን ሙሉ ይህን ጉዳይ አልቋጨነውም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ጨረቃዋ ትቃጠላለች። ክፍት መኪና አለ፤ ሁለት ሰው ይይዛል። ሰዓቱ ሳያልቅ በረጅም ዋሻ ውስጥ ነድቶ መውጫው በር መድረስ ነው። እዚያ ብዙ ጊዜ ደርሰናል። ባለቤቴ ግን መኪናው አጠገብ ሲደርስ ጆይስቲኩን ያስቀምጣል። «ይበቃናል። ከጨረስነው ምን ልንሠራ ነው?» ይልና ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ይመልሰናል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። እኔም አልቸኮልኩም።

ባለፈው ዓመት ሥራ ቦታው ላይ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አረፈ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እሱ ካረፈ በኋላ መጀመሪያ ወደ ጌሙ ስመለስ ማሽኑ «ለአንድ ሰው» ወይስ «ለሁለት ሰው» ብሎ ጠየቀኝ። ለሁለት አልኩ። የእሱ ጆይስቲክ ሶፋው ክንድ ላይ፣ እንዳስቀመጠው ነበር። ከላይ ያለው ወታደር ቆመ። እኔ መንገዴን ቀጠልኩ። ሁለቱ በጣም እንዲራራቁ ጌሙ አይፈቅድም፤ አንድ በር ባለፍኩ ቁጥር እሱን ከኋላ አንስቶ ከአጠገቤ ያቆመዋል። ጠላት በቆመበት ይጥለዋል። እደበቃለሁ። ከአጠገቤ ይነሳል። «መጣሁ» የሚል የለም እንጂ ሌላው ሁሉ እንደ ዱሮው ነው። እንዲህ እያልን ከምዕራፍ ምዕራፍ ተጉዘን መኪናው ጋ ደረስን።

እዚያ ላይ ቆምኩ። ዋሻው ውስጥ ጌሙ ማንንም ከኋላ አያመጣም። የቀረውን እሳቱ ይበላዋል፣ ምዕራፉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ወታደሩ መኪናው ላይ እንዲወጣ ደግሞ በእሱ ጆይስቲክ ላይ አንዲት ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። እጄን ዘርግቼ መጫን እችል ነበር። እጄ አልሄደም። ብዙ ቅዳሜ መኪናው ድረስ እሄድና አጠፋው ነበር።

በዚህ መሀል ማሽኑ ታመመ። ሠራተኛው ከፍቶ አየና ሲዲ የሚያነበው መስተዋት እንዳለቀለት፣ መለዋወጫም ከገበያ እንደጠፋ ነገረኝ። «አልሞት ባይ ተጋዳይ ነው። ከእንግዲህ የሚሠራው በምርቃት ነው፣ ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ቶሎ ይዩት» አለኝ።

ስለዚህ ማሽኑ ካጉረመረመ በኋላ በተነሳበት በዚያ ቅዳሜ ዋርሳዬን ጠራሁት። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ መኪና መንዳት ያስተምራል። በአስተማሪው ወገን ካለው ሁለተኛ ፍሬን ላይ እግሩን አንስቶ ስለማያውቅ ተማሪዎቹ «ፍሬኑ» ይሉታል። ለወንድሙ ከታጨሁ ጀምሮ፣ እድሜያችን እኩል ሆኖ ሳለ፣ «እትዬ» ይለኛል።

«እትዬ፣ ደህና አደርሽ? ምን ተበላሽቶ ነው? ቧንቧ ከሆነ ከወዲሁ ንገሪኝ፤ ባለፈው የነካሁት እስካሁን ያንጠባጥባል።»

«ቧንቧ አይደለም። አንድ ቁልፍ እንድትጫንልኝ ነው።»

ወደ ሳሎን ወሰድኩት። ቴሌቪዥኑን አየ፣ ለሁለት የተከፈለውን ምስል አየ፣ ሶፋው ላይ ያለውን ጆይስቲክ አየ።

«ይሄ ነገር እስካሁን በሕይወት አለ?» አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀዘቀዘ። እንዳልሰማ ሰው ሆኜ ሻይ ቀዳሁለት።

ነገሩን ሁሉ አስረዳሁት። ስጨርስ ሻዩን አስቀመጠ። «ታዲያ የላይኛውን እኔ ልጫወትልሽ? እሱ እንደሆነ ከእኔ የተሻለ አይነዳም ነበር።»

«አይ። ስልህ ቁልፏን ትጫናለህ፣ ከዚያ ታስቀምጠዋለህ።»

«ከነደሞዙ ነው?»

«ሻይ ጠጥተሃል።»

ሳቀ። ጆይስቲኩን አነሳና መሀረቡን ከኪሱ አወጣ። «አቧራ ይዟል።»

«አቧራ አይደለም፣ ጀሶ ነው። ተወው።»

መሀረቡን መልሶ አጠፈው። ከዚያ በኋላ ጆይስቲኩን የያዘው በጣቶቹ ጫፍ ነው፣ ትኩስ ብርጭቆ እንደሚይዝ ሰው። እጁን አየሁት። ሰፊው አውራ ጣት የቤተሰቡ ነው። ለዚህም ነበር እሱን የጠራሁት።

የእኔ ወታደር መሪው ጋ ተቀመጠ። «ተጫን» አልኩት። ተጫነ። በታችኛው ግማሽ፣ ከጎኔ፣ ወታደሩ ዘሎ ሲወጣ አየሁ። ዋርሳዬ ጆይስቲኩን ቦታው መለሰ።

መኪና ነድቼ አላውቅም፤ በእውነትም፣ በጌምም። የመጀመሪያው ግድግዳ ላይ ተላተምኩ። ሁለተኛው ላይም።

«እትዬ፣ አፍንጫሽ ሥር ያለውን አትይ። ራቅ አድርገሽ እይ።»

«ራቅ ብሎ ያለው እሳት ነው።»

«እሱንም ቢሆን ራቅ አድርገሽ። ፍሬኑ የቱ ነው?»

«የለውም።»

«ፍሬን የሌለው መኪና?» ቀኝ እግሩ ምንጣፉን እየረገጠ ነበር። «ገባኝ። ወንድሜ የእኔን መኪና ከዛፍ ጋር ያላተማት እዚህ ተምሮ ነው።»

ሳቅሁ። ስስቅ መንገዱ ጠፋኝ፣ እሳቱም ደረሰብን። ምዕራፉ ከመጀመሪያው ጀመረ። ተጫን፣ አስቀምጥ። ደግሞ ተጫን፣ አስቀምጥ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ ሻዩ ግን ቀዝቅዞ ነበር። ዋርሳዬ ቀልዱን ትቶ እንደ ሥራው ቀን በቀስታ ያወራኝ ጀመር። «መሪውን አትጨብጪው፣ ያዢው። እንዲህ። አሁን ልቀቂው፣ እሱ ራሱ ይመለሳል። ጎሽ።»

በመጨረሻው ዙር ከዚያ በፊት አይተነው የማናውቀው ቦታ ደረስን። ዋሻው ሰፋ፣ መውጫው በር ከሩቅ ታየ። በዚያ ቅጽበት መኪናው አንድ ነገር ነካና ተገለበጠ። ሁለታችንም ተወረወርን። መኪናው እሳት ውስጥ ገባ። ሰዓቱ እየቆጠረ ነበር።

«ልጫነው? በእግሩ ላስኪድልሽ?» አለ ዋርሳዬ። እጁ ከጆይስቲኩ በላይ ተንጠልጥሏል።

ባለቤቴ ከሰው ሰምቶ የነገረኝ ነገር ነበር፤ መጨረሻው ላይ እሳቱ ሳይደርስ አንዱ በሩን ካለፈ ሁለቱም ተረፉ ማለት ነው። ሌላ ሰው ሲያስኬደው ማየትም አልፈለግሁም።

«ተወው» አልኩና ሮጥኩ።

ከላይ ያለው ወታደር የወደቀው ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ነበር። ስሮጥ በፊቱ አለፍኩ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የራሴን ግማሽ እንጂ የላይኛውን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። አሁን አየሁት። ብረት የለበሰ ጀርባ፣ ትንሽ ወደ ግራ እያዘነበለ ይሮጣል፣ ግድግዳ ይነካና ይስተካከላል። «እንስራ እንዳዘለች ሴት ነው የምትሮጪው» ይለኝ ነበር፤ ሲቀልድ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ከፊቱ ስሆን ሲያየው የኖረው ይህንን ነው። ጀርባው እያነሰ ሄደ። ዞር አላለም። ዞር ለማለት ጊዜ አልነበረም።

በሩን አለፍኩ። መሀል ላይ ያለው መስመር ጠፋና ሁለቱ ግማሾች አንድ ሆኑ። ፊልሙ ጀመረ። አንዲት ትንሽ መርከብ ከምትቃጠለው ጨረቃ ወጣች። ውስጧ ወታደሩ ተቀምጧል፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። አቆይተው አሳዩት። ከዚያ ጌሙን የሠሩት ሰዎች ስም ወደ ላይ መፍሰስ ጀመረ፤ ረጅም ነበር።

«ጨረስሽው በቃ?» አለ ዋርሳዬ።

«ጨረስነው።»

«ያ ወታደር ማነው? አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?»

አላውቅም አልኩት።

«አንቺ ነሽ እንጂ። በሩን ያለፍሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለና ጃኬቱን አነሳ። ተማሪ ይጠብቀው ነበር። በሩ ላይ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝና፣ ፍሬን ባለው መኪና ማስተማር እንደሚቀለው ነግሮኝ ወረደ። ደረጃው ላይ ከባቡር ነጂው ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ሰማሁ።

ማሽኑን አጠፋሁ። ኩባያዎቹን አጠብኩ። የእሱ ጆይስቲክ ቦታው ነው፣ ጀሶውም እንዳለ ነው።

የፊልሙ ወታደር እኔ ነኝ። አይደለሽም የሚለኝ ሰው የለም።