ለቀስተኛና ጎብኚ

ለቅሶ የመጣ ሰው ጎብኚ ነው?

ግሪክ አገር ስማር፣ ባሕር ዳር አለት ላይ በቆመ የጥንት ቤተ መቅደስ በር ላይ ሰው እቆጥር ነበር። እዚያ ያስቸገረው የሕዝቡ ብዛት ነው፤ ድንጋዩ በእግር ብዛት ተላጠ፣ ሰው እንዴት ይቀነስ የሚለው ስብሰባ አያልቅም። ሆሳዕና ተመልሼ የቱሪዝም ባለሙያ ስሆን የታዘዝኩት ተቃራኒውን ነው፦ ፎንቆ አጠገብ ላሉት የቆሙ የጥንት ድንጋዮች ጎብኚ አብዛ።

ለወራት የመጣው ጥቂት ተማሪ ብቻ ነበር። ከዚያ በአንዱ ወር ግን ጥበቃው ዳኘ ከሁለት ሺህ በላይ ጎብኚ መጣ ብሎ ሪፖርት አደረገ። አለቃዬ ወንዳፈረው ሳያጣራ ወደ ላይ አስተላለፈው። በዚያ ቁጥር የመኪና ማቆሚያ ተፈቀደ፤ የተመረጠው ቦታ ከድንጋዮቹ ጎን ያለው የእማማ ገነቴ የእንሰት ማሳ ነው።

ቁጥሩን ላጣራ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዤ ወደ ድንጋዮቹ ሄድኩ። ዳኘ ምንም አልደበቀኝም። በዚያ ወር የእማማ ገነቴ ባለቤት አርፈው የለቅሶው ድንኳን የተተከለው ድንጋዮቹ ሥር ነበር። ከየወረዳው በኢሱዙ እየተጫነ የመጣው ለቀስተኛ፣ የዱራሜ መዘምራን ሳይቀሩ፣ ድንጋዮቹን ተደግፎ ለመግባት ተራ ሲጠብቅ እሱ ይቆጥራል።

"ከሩቅ መጥቶ ድንጋዩ ጋ የቆመ ሁሉ ይቆጠር ያልከኝ አንተ ነህ" አለኝ።

ብያለሁ።

እማማ ገነቴ ጥቁር ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ማሳው እንደሚወሰድ ከቀበሌ ነግረዋቸዋል፤ ሌላ መሬት የላቸውም።

"ባለቤቴን ሊቀብር የመጣውን ነው የቆጠራችሁት?" አሉኝ። ቀጥለውም፣ "እንግዲህ ከቆጠራችሁ ያልመጡትን ንገረኝ፤ የማኮርፋቸው አሉ" አሉ።

ተናድጄ ቢሮ ተመለስኩ። ወንዳፈረው ሳቀብኝ።

"ስማ ግሪኩ፣ እዚያ በር ላይ ስትቆጥር የሚያለቅሰውን ትለይ ነበር?"

አልለይም ነበር። በጣት የምትጫን መቁጠሪያ በእጄ ይዤ ሰው ባለፈ ቁጥር እጫን ነበር። እዚያ የሚመጡ አንዲት አሮጊት ባሕሩን እያዩ ያለቅሱ እንደነበር ትዝ አለኝ። እሱ ቀጠለ፤ ቁጥሩ ከተነካ በጀቱ ይመለሳል፣ ለሴትዮዋም ካሳ ይሰጣቸዋል አለ። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ እስከዚያ ምን እንደሚበሉ ጠየቅኩት። በጽሑፍ አምጣ፣ አየዋለሁ ብሎ ስልኩን አነሳ።

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ በቴሌግራም ጻፍኩለት፦

"ጋሼ ወንዳፈረው፣ ለቅሶ የመጣ ሰው ጎብኚ አይደለም። የመጣው እማማ ገነቴን ብሎ ነው፤ እሳቸው ከዚያ ከተነሡ ተመልሶ አይመጣም። ቁጥሩን ያሰርዙልኝ፣ ማሳው ይተው።"

አንብቦታል። ዳኘ ደውሎ ዶዘሩ ማሳው ላይ መድረሱን ሲነግረኝ ስልኬን ደግሜ ከፈትኩ፤ ከመልእክቴ በታች መልስ የለም። እስከ ዛሬም የለም።