ሳይታሽ የተሰካ

ቀዩ ዶቃ የሚቀመጠው የላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ የዱቄት ወተት በነበረበት ጣሳ ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ቤት ሲጠረግ እኔው አወርደዋለሁ፣ እኔው እመልሰዋለሁ። ጣሳ ግን እሱ ብቻ አይደለም ያለኝ። ከየሥራው የተረፈውን፣ ወለል ላይ ተንከባሎ የተለቀመውን፣ ጫፉ የተሸረፈውን ሁሉ በየዓይነቱ አስቀምጣለሁ። ሠራተኞቹ «ጋሽ ጣሳ» ይሉኛል። ይበሉ። አንድ ፍሬ ሲጎድላቸው ግን እየተቅለሰለሱ የሚመጡት ወደ እኔው ነው።

የጌጥ ሱቁ የወንድሜ ሚስት ነው። የወንድሜም ነው ይባላል፤ ወንድሜ ግን እሷ ስትናገር ጫማውን የሚያይ ሰው ነው። እሱ እንዲማር እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ሥራ ገባሁ። ይህን ማንም አያነሳውም። እሷም እንደ ተጋቡ ሰሞን «ጋሼ» ትለኝ ነበር። የሱቁ ቁልፍ እጇ ከገባ ወዲህ «ጋሼ» ቀረና «አንተ» ሆንኩ።

የቀዩን ነገር ልንገራችሁ። እኔ አንድ ልማድ አለኝ። አዲስ ዶቃ ሲመጣ፣ ክር ከመንካቱ በፊት፣ ከየከረጢቱ አንድ እፍኝ አወጣና በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሸዋለሁ። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ከቀረ ይሰካል። ቀለም ከለቀቀ አይሰካም። ያኔ እሷ በርካሽ ያገኘችው ቀይ የአጥንት ዶቃ መጣ። አሸሁት። ጨርቁ ደም መሰለ። ወስጄ አሳየኋት።

«ታዲያ አድርገውት ሊዋኙ ነው?» አለችኝ። «ዝም ብለህ ስካ።»

ሰካሁ። ሁለት መቶ ሐብል። ወሩ ሳይሞላ ያዘዘችን የልብስ መደብር ባለቤት፣ ኮሌታቸው የቀላ ነጭ ሸሚዞች በፌስታል ሞልታ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። የወንድሜ ሚስት ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «እሱ ነው፤ ሳያሽ ሰክቶት ነው» አለች። ወንድሜን አየሁት። ጫማውን እያየ ነበር።

ሌባ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ? ሳላሽ?

ዘንድሮ ሱቁ ወደ ሰፊ ቤት ሊዛወር ሆነ።

«ይሄን የጣሳ መዓት ተሸክሜ አልሄድም» አለች። «ትራፊውን ሁሉ ሰካክተህ ጨርሰው። ቅልቅል ሐብል አሁን ፋሽን ነው፣ ይሸጣል።»

«ሁሉንም?»

«አንዲት ፍሬ እንዳላይ። ለእኔም ከዚያው አንድ ሥራልኝ። ለልጅቷ ምርቃት ነጭ ነው የምለብሰው፣ ቀላ ያለ ይሁን። አዲሱን ዕቃ ደግሞ እንዳትነካብኝ።»

ቀላ ያለ። በገዛ አፏ።

«ልጅቷ» ያለቻት ሚጣን ነው፣ የወንድሜን አንድ ልጅ። በዚያ ቤት «አጎቴ» ብሎ አጠገቤ የሚቀመጥ ሌላ ሰው የለም። ማሸቱንም መሰካቱንም ከእኔ ነው የተማረችው። የቀዩን ታሪክ ስነግራት ያመነችኝም እሷ ብቻ ናት፤ ጓደኞቿን ሱቅ ስታመጣ «ይሄ ሰውዬ ካልታሸ የራሱን ጥርስም አፉ ውስጥ አያስገባም» እያለች ታስቃቸዋለች።

ያን ቀን ግን ስለ ሚጣ አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ እናቷ አንገት ነው። አዳራሹ ይሞቃል፣ ሰው ያልበዋል። እንግዳው ሁሉ እያያት ነጩ ቀሚስ አንገቷ ሥር ቀስ እያለ ሲቀላ ታየኝ።

የቀዩን ጣሳ አወረድኩ። ልማዴ ነውና አንዷን ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ አሸኋት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀለሙ አልደከመውም። እኔንም አልደከመኝም።

እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ቀዩን መሃል አደረግሁት። በየሦስቱ ቀይ ጣልቃ፣ ከተሰበረ አምባር የተረፈች ጭስ የመሰለች የብርጭቆ ፍሬ አስገባሁ። ወደ ጫፉ ጥቁር የእንጨት፣ ከዚያ ሩዝ የምታክል የመዳብ። አንዱ የአንዱ ዘመድ አይደለም፣ ግን አብረው የተወለዱ ይመስላሉ። በድርብ ናይለን ሰክቼ በየፍሬው መሃል ቋጠርኩ፣ ቢበጠስ እንዳይበተን። ለክፋት እየሠራሁ ለጥንካሬው መጨነቄ!

የወንድሜ ሚስት ተቀብላ በመስኮቱ ብርሃን አየችው።

«እጅህ እንኳ ደህና ነው» አለች።

ከእሷ አፍ በሃያ ዓመት የወጣልኝ ምስጋና ይኸው ነው። ለአንድ አፍታ «መልሺው» ልላት ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። አላልኳትም።

የምርቃቱ ዕለት ጠዋት ክር ስጠቀልል ሚጣ ገባች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። አንገቷ ባዶ ነው፤ ሐብሉን በእጇ ይዛዋለች።

«እማዬ ሰጠችኝ» አለች። «‹ለእኔ ይበዛል፣ ዛሬ ያንቺ ቀን ነው› ብላ።»

ወንበሩን ያዝኩ።

«ያንተ ሥራ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ላደርገው ስል… ልማድ ነው መቼም፣ ካንተው የወረስኩት።» መሐረብ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። እርጥብ ነው። መሃሉ ቀልቷል።

ሁለታችንም መሐረቡን አየነው።

«አጎቴ፣ አሽተኸው ነበር?»

እስቲ ጥያቄውን እዩልኝ። «ረሳሁት፣ ሳላሽ ሰካሁት» ብላት ስቃ ታቅፈኛለች፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት የተሟገትኩበትን በገዛ አፌ አፈረስኩት ማለት ነው። «አሽቻለሁ» ብላት ደግሞ ለእናቷ ምን እንዳሰብኩላት ታውቃለች።

«እኔ ሳላሽ ሰክቼ አላውቅም» አልኳት።

ፊቷ ላይ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባት አየሁ።

«እማዬ ልታደርገው ነበር» አለች። «በእኔ ቀን። ሰው ሁሉ ፊት።»

ሐብሉን መሐረቡ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በሩ ተበርግዶ እናቷ ገባች፣ ወንድሜ ከኋላዋ።

«አንቺ! ሰው እየጠበቀን እዚህ ምን ትጎለቻለሽ? ሐብሉስ?»

«ቀለም ይለቃል እማዬ።»

«ምን?»

ሚጣ ወደ እኔ አላየችም። «አጎቴ ሳያሽ ሰክቶት ነው» አለች።

የወንድሜ ሚስት ከልቧ ሳቀች። «አላልኩም? ያኔም ብያለሁ!» ወደ ባሏ ዞረች። «ሰማህ? ያኔም ብያለሁ!»

ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማውን አላየም። እኔን አየኝ። ፊቱ ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነበር።

አፌን ከፈትኩ። ሚጣ ቀና ብላ አየችኝ። ዘጋሁት።

ሄዱ። መኪናው ውስጥ ቦታ ይኑር አይኑር ያነሳልኝ የለም። ሐብሉ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበርና ቁጭ ብዬ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ስፈታ ዋልኩ። አልፈታ ብሎ አስቸገረኝ። እጄ እንኳ ደህና ነው።