በሽቦ የተሰፋው ታንኳ

በ1966 ክረምት፣ ጠፍቶ የከረመው ዝናብ ሲመጣ ያለ ልክ መጣና የጎሊና ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኛ። እማ ኡሙሃኒ ከቆቦ የተሰጠ የእርዳታ ዘር ማሽላ ቤቷ አስቀምጣለች። ልጇ ዓሊማ ደግሞ ከውኃው ማዶ መሬቷን አርሳ ዘር ትጠብቃለች። እርጥበቱ ካመለጣት ዘንድሮም እንዳምናው መራብ ነው።

«ታንኳ እሠራለሁ» አለ የልጅ ልጇ ታሂር። አሰብ ወደብ ከጀልባ አናጢ ጋር ሠርቶ የመጣ ጎልማሳ ነው። የእርዳታ መድኃኒት ከመጣበት ሣጥን ስስ ኮምፔንሳቶ ቆረጠ፤ ጠርዝ ለጠርዝ እየበሳ በሽቦ ይሰፋው ጀመር።

«ምነው፣ ምስማር ጠፋ?»

«ምስማር ይሰነጥቀዋል እማ። ሽቦው ይይዘዋል፣ ስፌቱን በሬንጅ እንደፍነዋለን።»

«እንግዲህ በስፌት የተያዘ ነገር ላይ ነው ነፍስህን የምትጭናት።»

ታሂር ለዙሁር ሶላት ሲሄድ አላስቻላትም። ዕድሜዋን ሙሉ ሰፌድ የሰፋች ሴት ናት፤ አንዱን ስፌት ሳታጠብቅ ወደ ሌላው አትሄድም። ፒንሳውን አነሳችና እሱ ላላ አድርጎ የተወውን ሽቦ ከጫፍ ጀምራ አንድ በአንድ ጠመዘዘችው።

ሲመለስ ታንኳው ተጣሞ አፉን ወደ ጎን አዙሯል።

«ይኼስ ዞሮ ቆቦ ነው የሚገባ» አለ ጎረቤቷ ገብረ ማርያም፣ በሳቅ እየፈረሰ።

«ላልቶ ባየው ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። «በዚያ በላላው በኩል ውኃ ሲገባብህ ታየኝ።»

«አብሽሪ። መጀመሪያ ሁሉም ይላላል፤ ቅርፁ ሲስተካከል በየዙሩ ጥቂት ጥቂት ይጠብቃል» አለና ታሂር ፒንሳውን መልሶ ሰጣት። «አንቺው ፍቺው፣ አንቺው አጥብቂው።»

ፈታችው። ከዚያ በግራም በቀኝም እኩል እኩል ስትጠመዝዝ የታንኳው ሆድ ቀስ እያለ ሞላ። ፈገግታዋን ገብረ ማርያም እንዳያይባት ፊቷን አዞረች።

ሬንጁ ደርቆ ዘሩ ሲጫን፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከጆንያው ላይ ቁጭ አለች።

«እማ፣ ዋና አትችይም።»

«ማሽላውስ ይችላል? ቅዘፍ።»

መሐል ሲደርሱ ታንኳው ወዘወዛቸው፤ እሷ ግን ዓይኗን ከስፌቱ ሳትነቅል ከንፈሯ ብቻ ዱዓ ያደርጋል። ማዶ ሲቃረቡ ዓሊማ እስከ ወገቧ ውኃው ውስጥ ገብታ ታንኳውን ሳበች፤ እጇን ጆንያው ውስጥ ሰደደች። ዘሩ ደረቅ ነው።

«እመይ፣ አንቺም በዚህ መጣሽ?»

«ወሬውን ተይና ዝሪ» አለች ኡሙሃኒ፣ ሰማዩን እያየች። «ውኃው ሳይጨምር ይኼን ልጅ ቤት ማስገባት አለብኝ።»