ኔፕቲዩን በአባቴ ጠረጴዛ ላይ

አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤ ሰፈሩ «ጋሽ ደቂቃ» ይለዋል። ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢያቆምም የሰማይን አሠራር እንደ ሰዓት ፈታትቶ ማየት አይሰለቸውም። በመጨረሻው ዓመቱ አንድ ዕቃ ሠራ። መሐሉ ላይ አምፖል ፀሐይ ሆነ፣ የናስ የበር እጀታ ኔፕቲዩን፣ ነጭ ብይ ደግሞ ፕሉቶ። እጀታውን የሚያዞረው ማርሽ ጥርስ አርባ፣ የብዩ ስልሳ ነው፤ መዘውሩ ሲዞር እጀታው ሦስቴ በዞረ ጊዜ ብዩ ሁለቴ ይዞራል። ብዩ የሚሄደው በሞላላ ቦይ ስለሆነ አናቱ ላይ፣ የሰዓት አሥራ ሁለት በሚሆንበት በኩል፣ የእጀታውን መንገድ አቋርጦ ወደ ፀሐይ ይጠጋል።

ጎረቤታችን የፊዚክስ መምህሩ አይቶ ሳቀ።

«ጋሼ፣ መንገዳቸው ከተቋረጠ አንድ ቀን መላተማቸው አይቀርም።»

«አንተና ሚስትህ በአንድ በር ነው የምትወጡት። ስንቴ ተላተማችሁ?»

«እሷ ቀድማ ነዋ የምትወጣው!»

«በል፣ መልሱን አንተው ተናገርከው።»

ግን ገና ሲያዞረው ተላተሙ። እጁ የሠላሳ ዓመት የሰዓት ገጠማ ልማዱን ይዞ እጀታውንና ብዩን የተሸከሙትን ሁለት ክንዶች አሥራ ሁለት ላይ ገጥሟቸው ነበር። ሦስት ቀን ከዕቃው ጋር ተኳረፈ። በአራተኛው ፈትቶ ሁለቱንም ስድስት ላይ፣ ብዩ ከፀሐይ በሚርቅበት በኩል ገጠማቸው። ከዚያ ወዲያ እጀታው ብዩን የሚደርስበት ሁሌም እዚያው ሩቁ ቦታ ላይ ሆነ፤ ብዩ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር እጀታው ሌላ ጋ ነው።

«ሰማይ ላይስ ማን ገጠማቸው?» አልኩት።

«ማንም፣ ልጄ። ኔፕቲዩን ድሮ ለፀሐይ ይቀርብ ነበር። በረዷማ ፍርስራሹን ወዲያ ወዲህ ሲወረውር እሱም ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ተገፋ። ከፊቱ ያገኘውን ብዙውን በተነው። እንደ ፕሉቶ ያሉትን ግን እሱ ሦስቴ ሲዞር ሁለቴ እንዲዞሩ እርምጃ አስያዛቸውና መንገዳቸውን እያሞላለለ ይዟቸው ሄደ። እርምጃቸውን የጠበቁት ይኸው እስከ ዛሬ አሉ።»

ይህን ሲል ሞረዱን እንኳ አላስቀመጠም።

ከአባቴ ቀብር ሁለት ሳምንት በኋላ መምህሩ ዕቃውን ለትምህርት ቤቱ ሊወስድ መጣ። አክስቴ «የማይሠራ ከሆነ ለብረት ገዢ ይሂድ፤ ክፍሉን ላጽዳበት» ብላ ቆርጣለች። የአባቴ የመጨረሻ ሥራ ተመዝኖ ሲሸጥ ታየኝ። መዘውሩን አዞርኩ።

ቀጭ! ብዩ ተስፈንጥሮ አልጋው ሥር ገባ።

አክስቴ አፏን ያዘች። «እኔ እኮ አቧራውን ብቻ ነው የጠረግሁት! ክንዶቹ ቢወልቁብኝ እንደ ወንድሜ ሰዓቶች አሥራ ሁለት ላይ አስተካክዬ መለስኳቸው።»

«አባባም መጀመሪያ እንዲሁ ነው ያደረገው» አልኳት።

«ወይ የኔ ወንድም!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ እንባ ሆነ።

አልጋው ሥር ገብቼ ብዩን አወጣሁ። ሁለቱንም ክንዶች ስድስት ላይ ገጠምኩና እንደገና አዞርኩ። ብዩ አናቱ ላይ ወደ ውስጥ ሲገባ ትንፋሼን ያዝኩ። እጀታው ሩቅ ነበር። መምህሩ ስልሳ ዙር ቆጠረ።

ከዚያ ዕቃውን እንደ ሕፃን ታቀፈው። አክስቴ ልትሸኘው ተነሥታ ሁለቱ እኩል በሩ ጋ ደረሱ። መምህሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ይቅደሙ» አላት።