ሳይዘጋ የሚያመሽ ስልክ

ስልኩ ሲጮህ ከለቅሶተኛው የተነቃነቀ አልነበረም።

የጠረጴዛ ስልክ ነው፤ ከሟቹ የሥራ ጠረጴዛ ላይ፣ ከራውተሩ ጎን የተቀመጠ። በዚያ ስልክ የሚደውል አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ውቢት ታውቃለች፤ የባልዋ ታናሽ ወንድም አድማሴም ያውቃል። ባምላኩ የተቀበረው ትናንት ነው። እናቱ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ግን ግሽ ዓባይ ሆነው ምንም አልሰሙም።

«አንሣው» አሉት አድማሴን የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ዮሐንስ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ድምፅህ የሱው ድምፅ ነው። መንገዱ እስኪከፈት ነው እንጂ ለዘላለም አይደለም።»

ወደ ግሽ ዓባይ የሚወጣው መንገድ ባምላኩ ከሞተበት ቀን ጀምሮ ተዘግቷል። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ በማለዳ ይሄዳል፣ ለጎረቤት አስቀድሞ ይነገራል፣ ልጅ ካጠገብ ይቆማል፤ እናት ስትወድቅ የሚይዛት እጅ ሳይዘጋጅ ቃሉ ከአፍ አይወጣም። የእማሆይ ልብ ደግሞ ደካማ ነው። ጎረቤታቸው ዘመኑ ነገሩን ሰምቷል፤ ልጅ ሳይደርስ ግን እኔ አፌን አልከፍትም ብሏል።

አድማሴ አነሣው። ጉሮሮዬን ይዞኛል አለ፤ ሥራ በዝቶብኛል አለ። እናቱ መረቁት። አሜን ብሎ ቶሎ ዘጋውና እጁን ከስልኩ ላይ ማንሣት አቅቶት ቆመ።

ውቢት ከፍራሹ ላይ ሆና ታየዋለች። ሬሳው ከመጣ ጀምሮ እንባ አልወጣትም። ሴቶቹ ይህንኑ ሲንሾካሾኩ ትሰማለች፤ አንዷ ደንግጣ ነው ስትል ሌላዋ ይህች ልቧ ደንጊያ ነው ትላለች። ባምላኩ በጠዋት ቡሬ የሄደው ለአንድ የእህል መጋዘን የኔትወርክ ኬብል ሊዘረጋ ነበር። ጣራ ላይ ሲጎትተው ኬብሉ ከተላጠ የመብራት ሽቦ ጋር ተገናኘ። እንዲህ ብለው ነገሯት። ቃሉ ገብቷታል፤ ነገሩ አልገባትም። ዛሬ ማልዳ ተነሥታ የሥራ ሸሚዙን አጥባ አስጥታዋለች፤ ከገመዱ ላይ የሚያወርደው ግን አልተገኘም።

«ለምን ዘጋኸው?» አለችው አድማሴን።

«ምን ልበላት ታዲያ?»

«ባምላኩ ዘግቶባት አያውቅም።»

እውነቷን ነው። እማሆይ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የእጅ ስልክ ቁልፍ መለየት ተስኗቸው ነበር። ልጃቸው ለሆቴሉም ለክሊኒኩም ከሚገጥማቸው የኢንተርኔት ስልኮች አንዱን ይዞ ግሽ ዓባይ ወጣ። ከጣራው ላይ አንቴና ሰቀለ፣ ኬብሉን አይጥ እንዳይበላው በቱቦ ውስጥ አሳለፈ፣ እሳቸው እጀታውን ሲያነሡ ያለ ቁጥር ያለ ቁልፍ እዚህ ፍኖተ ሰላም እንዲጮህ አደረገው። «እንዲያው ጸሎት ነው እኮ የሚመስል» አሉት። «ኧረ እምዬ፣ ጸሎት ኔትወርክ አይጠፋበትም» ብሎ አሳቃቸው።

መስመሩ ሂሳብ በደቂቃ የሚቆጥር አይደለም። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ይደውላሉ፤ እሱ ድምፁን ለቤቱ ይከፍተዋል፤ ከዚያ ብዙም አያወሩም። እሳቸው ውዳሴ ማርያማቸውን ይደግማሉ፣ እሱ ከጠረጴዛው ላይ ኬብሉን እየቆረጠ ጫፍ ጫፉ ላይ መሰኪያ ይገጥማል። እሳቸው ደኅና እደሩ ብለው እስኪዘጉት ድረስ ስልኩ ክፍት ነው። ውቢት መጀመሪያ ላይ ከፍቷት፣ አማቴ በበር ሳትገባ ቤቴ ገባች እያለች ትጎሽመው ነበር። በኋላ በኋላ ግን፣ የሚደውሉበት ሰዓት ትንሽ ከዘገየ ወደ ስልኩ የምታየው እሷ ሆነች።

በማግስቱ አመሻሽ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

አባ ወልደ ዮሐንስ ቤቱን በእጃቸው ዝም አሰኙት። ሳልህን ያዝ የተባለ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ አንዲት ሴት የነጠላዋን ጫፍ ከአፏ ከተተች። አድማሴ የወንድሙን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ድምፁን ለቤቱ ከፈተው። ጅጋ ላይ ባጃጅ ነው የሚነዳ፤ የኬብል ሥራ አያውቅም። ግን ፒንሳውን አነሣ። ቁራጭ ኬብል ያዘና ቀጭ አደረገ። ደግሞ ቀጭ። ቤት ሙሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ ያንን ይሰማል።

ከወዲያ በኩል ውዳሴ ማርያሙ መሐል ላይ ቆመ።

«ባምላኩ።»

«አቤት እምዬ።»

«እንግዳ አለህ?»

«የለም።»

«ብዙ ሰው ሲተነፍስ ይሰማኛል።»

አድማሴ ሌላ ቆረጠ።

«እሱ ሲቆርጥ አይቸኩልም» አሉ እማሆይ ቀስ ብለው። «ከልጅነትህም የምትቸኩል አንተ ነህ፣ አድማሴ።»

ፒንሳው ከእጁ ወደቀ። አባ ወልደ ዮሐንስን አያቸው። እሳቸው መስቀላቸውን በአንድ እጅ እንደያዙ በሌላው የእጅ ስልካቸውን አውጥተው ለዘመኑ መደወል ጀምረዋል።

«እምዬ፣ ሰው አለ ካጠገብሽ?»

«አንተ አለህልኝ። ቀበራችሁት?»

መዋሸት የሚችልበት ቦታ አልቆበት ነበር። «አዎ» አለ።

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ልቅሶ የለም፣ የወደቀ ነገር የለም። ኔትወርኩ ጠፍቶ ይሆን ብሎ የራውተሩን መብራት አየ። አረንጓዴው ይበራል። መስመሩ ደኅና ነው፤ የጠፋው የእናቱ ድምፅ ነው። እምዬ፣ እምዬ እያለ ተጣራ። አባ ወልደ ዮሐንስ በዚያኛው ስልክ ሮጠህ ግባ፣ ያዛት፣ እያሉ ነው። በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ በማያየው ቤት ውስጥ የሚከፈት በር ይጠብቃል።

በሩ ሲንቋቋ ተሰማ። የእግር ኮቴ፤ የዘመኑ ድምፅ፤ አይዞሽ የሚሉ ሴቶች። ከዚያም እማሆይ፣ የሚታገሉ በሚመስል ድምፅ፦

«ልቀቁኝ፣ አልወድቅም፤ እጀታውን ይዣለሁ። አድማሴ፣ ውቢት የለችም እንዴ? ስታለቅስ አልሰማኋት።»

አድማሴ እጀታውን ወደ ፍራሹ ይዞ ሊሄድ ሞከረ፤ ገመዱ አላደረሰውም። ይኼኔ፣ ልቧ ደንጊያ ነው ስትል የነበረችው ሴት ቀድማ ተነሣች። ሴቶቹ ፍራሹን ከነውቢት እየጎተቱ ከጠረጴዛው ሥር አደረሱት።

ውቢት እጀታውን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«ልጄ» አሉ እማሆይ።

ለመመለስ አፏን ከፈተች፤ ከመልሱ በፊት ሌላ ድምፅ ወጣት፤ ሬሳው ከመጣ ጀምሮ ቤቱ ሲጠብቀው የነበረው። ከወዲያም የእማሆይ ድምፅ ተነሣ። እያለቀሰችም ውቢት ከተቀመጠችበት ወደ ግድግዳው ጥቂት ጠጋ አለች፤ እማሆይ አሁን በበር የሚገቡ ይመስል፣ ከጎኗ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀች።