የሮካኔግራው ጌታ አጉል መዳን

ማክሰኞ ጧት የሮካኔግራ በረኛ ግንቡ ላይ ወጣ፤ ቀንደ መለከቱን ነፋ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያም ጌታ ኢሳርን ሾርባ መጠጣታቸውን ለሕዝብ አወጀ። ሾርባው የበሬ ቅልጥም እንደነበረበት፣ አንድም ጠብታ እንዳልተረፈ ጨምሮ ተናገረ። ሕዝቡ፣ ማለትም ሁለት ልብስ አጣቢዎችና አንድ ቀጥቃጭ፣ ራሱን ገልጦ አዳመጠ። አንደኛዋ አጣቢ «ተመስገን» አለች፤ ጓደኛዋን ግን ቀና ብላ አላየቻትም። ቢተያዩ ኖሮ ሁለቱም ይስቁ ነበር።

ሾርባውን የጠጣው ውሻው ነው።

የጌታ ኢሳርን ልጅ ሪክሰንዳ አዋጁን በመስኮት ሰማች። አዋጁን ያወጣችው እሷ ናት፤ ቅልጥሙንም የጨመረችበት እሷው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ አባቷ ቤት ገብታለች። የአባቷ ኑዛዜ በሰም ማኅተም ከታተመ የደቡብ በኩሉ ክፍልና የለውዝ ዛፎቹ የእሷ ናቸው። ካልታተመ ደግሞ ልጆቿን ይዛ የምትገባበት ጣራ በዓለም ላይ የለም።

ነገሩ የተበላሸው አባቷ ስለዳኑ ነው።

ከዐሥር ቀን በፊት የጌታ ኢሳርን ነፍስ አፍንጫቸው ላይ ደርሳ ነበር። በዚህ አገር ወግ፣ ሐኪም ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን ያወገዘቻቸው «ደጋጎቹ ሰዎች» በስውር ይገባሉ። ሁለት ደጋጎች እንደ ሸማኔ ለብሰው በጓሮ በር ገቡ፤ የወንጌሉን መጽሐፍ በበሽተኛው ራስ ላይ ጫኑ፤ «ማጽናኛ» የሚሉትን ቡራኬ ሰጧቸው። ማጽናኛውን የተቀበለ ሰው እሱም ደግ ሰው ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ፍስክ የለውም፤ ሥጋ፣ ዕንቁላልና ወተት እስከ ዕለተ ሞቱ አይነካም። አይምልም። አይዋሽም። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ለመጨረሻዋ ሰዓት የሚያቆየው፤ ለአንድ ሌሊት ያህል ማንም ጻድቅ መሆን ይችላል። ቤተሰቡ አለቀሰ፣ ሻማ አበራ፣ ጠበቀ። ሲነጋ ጌታ ኢሳርን ዓይናቸውን ገለጡና ዳቦ አምጡልኝ አሉ።

የቤተ ክርስቲያን ሕግ አጭር ነው። ከደጋጎቹ እጅ ማጽናኛ የተቀበለ መናፍቅ ነው፤ የመናፍቅ ልጅ አይወርስም፤ ቤቱ ይፈርሳል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም የማያውቅ ይመስላል። አንድ ሰው ግን ቱሉዝ ድረስ ሄዶ ሹክ ብሏል። ሐሙስ ዕለት የመናፍቃን መርማሪው መነኩሴ ይመጣል፤ በሽተኛውን በዓይኑ ሳያይ ኑዛዜው እንዳይታተም ከልክሏል።

«ዛሬ ደግሞ አባባ ተቀምጠው ነው የበሉት» አለች ሪክሰንዳ፣ ታላቅ ወንድሟ ሲካርድ ሲገባ።

«ተቀምጠው?»

«ሽምብራ። በዘይት።»

ሲካርድ ወንበር ስቦ እንደ ለቀስተኛ ተቀመጠ። የግንቡ ግማሽ ይደርሰዋል፤ ሌላው ግማሽና በሩ የታናሽ ወንድሙ የጋውስቤርት ነው። ደረጃው የማን እንደሚሆን ሰባት ዓመት ተጣልተውበታል።

«እቴ፣ ክፉ አልናገርም» አለ። «ግን ማጽናኛ ተቀብሎ መሞት የሚያምርበት ሰው አለ። ሌሊት ሌሊት መስኮታቸው ቢከፈት፣ ብርዱ...»

«አንተ ነህ የምትከፍተው?»

«እኔማ ልጃቸው ነኝ።»

«እሱን እንዳትረሳው ብዬ ነው። መስኮቱ ሥር የምተኛው እኔ ነኝ፤ እጅህ ሲደርስ አውቀዋለሁ።»

ሲካርድ ሳቀ። ሳቁ አላማራትም፤ የዚያኑ ማታ መስኮቱን በገመድ አሰረችው።

ረቡዕ አባቷ ዘንድ ገባች። ሽማግሌው ትራስ ተደግፈው ጣታቸውን ይቆጥራሉ።

«አባባ፣ ነገ እንግዳ አለ።»

«ሰምቻለሁ። ዱሮ ለእንግዳ አሳማ አርድ ነበር።»

«እንዳይናገሩ ፈልጌ ነው። ሕመሙ ምላሳቸውን ያዘው እላለሁ። የሚዋሹት እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ።»

«ዝም ብዬ የአንቺን ውሸት አልጋዬ ላይ ካስተኛሁ፣ አልጋው የማን ነው?»

ሪክሰንዳ የልጆቿን ስም ጠራች።

«ዓይኔን እጨፍናለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ዓይኔ የራሴ ነው። ከጠየቀኝ ግን እመልሳለሁ።»

ሐሙስ መርማሪው በበቅሎ መጣ። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነበር። የሚፈራ ነገር ፈልገው ሲያጡበት ሰዎቹ የባሰ ፈሩ። አልጋው አጠገብ ቆሞ ጌታ ኢሳርንን አየ። የተጨፈነ ዓይን፣ የተዘጋ አፍ።

«ቁርባን ተቀብለዋል?» ሲል ቄሱን ጠየቀ።

«እሑድ፣ በገዛ እጄ» አሉ የሰበካው ቄስ አባ ፖንስ፣ ሳይንተባተቡ።

መርማሪው አፍንጫውን ጠረገ። በሽተኛውን አንድ ጥያቄ ሊጠይቅ ጎንበስ አለ። ማስነጠስ ቀደመው። ሦስት ጊዜ አስነጠሰና የሚጠይቀውን የረሳ መሰለ። ጸሐፊው ሰም አቀለጠ፤ ኑዛዜው ታተመ። ጋውስቤርት ወንድሙን አቀፈው፤ ሪክሰንዳ እንዲህ ያለ ነገር ከሕፃንነታቸው ወዲህ አላየችም።

ግቢው ውስጥ በቅሎዎቹ ተጫኑ። ሰው ሁሉ እንግዳ ሊሸኝ ወጥቷል። መርማሪው እግሩን ርካብ ላይ ሲያደርግ የቤቱ በር ተከፈተ፤ ጌታ ኢሳርን በትር ተደግፈው፣ ጥቁር ካባ ደርበው ደፉ ላይ ቆሙ። ሮካኔግራ ላይ እንግዳ ሳይሸኝ የቀረ ጌታ የለም፤ ለዚህ ሲሉ ነው የተነሡት።

«አባታችን፣ የእርስዎ ጸሎት ነው ያስነሣቸው» አለ ሲካርድ ቶሎ ብሎ።

መርማሪው ፈገግ አለ። መነሣት ኃጢአት አይደለም። ሪክሰንዳም አሁንም ያልፋል ብላ አሰበች።

ያን ጊዜ አባ ፖንስ ተንበረከኩ።

አስበውበት አልነበረም። በዚህ አገር ደግ ሰው ደጅ ላይ ሲቆም ጉልበት ራሱ ያውቃል፤ ልጅ በእግሩ ከመሄዱ በፊት ስግደቱን ይማረዋል። ቄሱም አርባ ዓመት በዚሁ ግቢ ሲሰግዱ ኖረዋል። ሦስት ጊዜ ግንባራቸውን መሬት አስነኩ፤ በየስግደቱም «ደጉ ሰው፣ ይባርኩኝ፤ ለመልካም ፍጻሜ እንዲያበቃኝ ይጸልዩልኝ» አሉ። ከኋላቸው አጣቢዎቹ ወረዱ፤ ቀጥቃጩ፣ በረኛው፣ ጋውስቤርት፣ የሪክሰንዳ ልጆች። ሲካርድ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ እሱም ወረደ።

መዋሸት የማይችሉት ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ።

«እግዚአብሔር ይባርካችሁ» አሉ፤ «መልካም ሰዎች ያድርጋችሁ።»

መርማሪው አልተቆጣም። እግሩን ከርካቡ አወጣ፣ አፍንጫውን ጠረገ፣ ወደ ጸሐፊው ዞረ።

«ጭነቱን አውርድ» አለው። «የሰገዱትን በተራ ጻፍ፤ ከቄሱ ጀምር።»

ሪክሰንዳ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። ቀና ብላ ስታየው መርማሪው በጣም ረዥም ሆኖ ታያት፤ እሷም ከሌሎቹ ጋር መንበርከኳን ያን ጊዜ አወቀች።