የማይሰቀለው አውሮፕላን

የአውቶቡስ ሹፌሯ ሪሞቱን ስታጠፋው፣ ጸጥ ማለት የሚገባው ሞተር ጭራሽ ጉልበቱን ሰብስቦ ጮኸ። ሊረዳት የመጣው ባለታክሲ በሪሞት የሚበረውን ትንሽ አውሮፕላን ከሆዱ ሥር አጥብቆ ባይዘው ኖሮ የሜዳውን አጥር ጥሶ በሄደ ነበር።

“ኧረ መልሺው! ጣቴን ሊበላኝ ነው!”

ሪሞቱን መልሳ አበራችው። ሪሞቱ ላይ ያለው የሞተሩ መቆጣጠሪያ ዘንግ ወደ ታች ዝቅ ያለ ስለ ነበር ጩኸቱ ወዲያው ተቋረጠ። ዳር ቆመው የሚመለከቱት የማኅበሩ አባላት ሳቁ። ያልሳቀው የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ብቻ ነው፤ እርሱም የሪሞት አውሮፕላን አብራሪዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር።

“እትዬ፣ አየሽ አይደል?” አለ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ። “ሲግናል ሲጠፋ ሞተሩ መቆም አለበት። ፈተናው ይኸው ነው፤ ወደቅሽ። እንግዲህ በተባባልነው መሠረት ለወንድሜ መታሰቢያ ክበቡ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።”

“እናንተ ተባባላችሁ እንጂ እኔ መቼ አፌን ከፈትኩ?”

አውሮፕላኑን ባሏ የሠራው ከሕመሙ ጋር እየታገለ ነው። እርሱ እንጨቱን ሲሞርድ፣ አውቶቡሷን አቁማ የገባችው እርሷ ደግሞ የክንፉን ልባስ በካውያ እያሞቀች ትለጥፍ ነበር። ሥራው አልቆ ሳይበር ሠሪው አረፈ። ዛሬ ካልበረረ፣ ያ ሁሉ ድካም ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ አቧራ ሲጠጣ ሊኖር ነው።

ሊቀ መንበሩ ከቦርሳው የወንድሙን አሮጌ ሪሞት አወጣ። “ግድ የለም፣ አንድ ጊዜ እኔ ላብርረውና ይሰቀል።” አብርቶ ዘንጉን ግራና ቀኝ ገፋ፤ የአውሮፕላኑ ጭራ ንቅንቅ አላለም።

“በከንቱ አትድከም። ትናንት ከራሴ ሪሞት ጋር አጣምሬዋለሁ።”

“ማንን አስፈቅደሽ?”

“ጋሼ፣ በቃ አመለጠህ!” አለ ባለታክሲው። “ድሮ ቢሆን ሁለታችሁም በአንድ ሞገድ አብርታችሁ፣ ተምታቶበት ሲወድቅ ክንፉን አልቅሰን እንቀብር ነበር። የአሁኑ ሪሞት እንደ ፌንጣ ከሞገድ ሞገድ እየዘለለ ነው የሚያወራው። የት የት እንደሚዘል የሚያውቀው አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የተጣመረው ተቀባይ ብቻ ነው። ሜዳው ሙሉ ሰው ቢያበራ እንኳ እሷን እንጂ ሌላ አይሰማም።”

“ሰማትና ጣትህን ሊቆርጥልህ ነበራ!” አለ ሊቀ መንበሩ።

“ጥፋቱ የእኔ ነው” አለች እርሷ፣ አንገቷን ሳትደፋ። “ሳጣምረው ዘንጉን ወደ ላይ ትቼዋለሁ።”

ተቀባዩ በሚጣመርበት ጊዜ ያገኘውን የዘንግ ቦታ በልቡ ይይዛል፤ ሲግናል ሲጠፋበትም ያንኑ ይፈጽማል። ሙሉ ጉልበት አስተማረችው፤ ሙሉ ጉልበት መለሰላት።

ተንበርክካ ባትሪውን ነቀለች። ዘንጉን እስከ መጨረሻው አወረደችና የተቀባዩን ቁልፍ ተጭና ባትሪውን መልሳ ሰካች። ቀዩ መብራት ጥቂት ብልጭ ድርግም ብሎ ጸና። ከዚያ ሞተሩን በቀስታ አስነሥታ ሪሞቱን ድርግም አደረገችው። ፕሮፔለሩ ቀጥ አለ።

“ጣቴ ምስክር ነው” አለ ባለታክሲው፣ “አለፈች!”

ሊቀ መንበሩ ግን ከፊቷ አልተነሣም። “ብትሰብሪውስ? የወንድሜ እጅ ያረፈበት ነገር እኮ ነው!”

“የእኔስ እጅ የት ነበር? አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ አምኖኝ እያንኮራፋ ይሄድ ነበር፤ አንተ አንድ ቁራጭ እንጨት አምነህ ትሰጠኝ ዘንድ ምን ላድርግልህ? ዞር በልልኝ።”

ባለታክሲው ወረወረው። አውሮፕላኑ ጥቂት ዘቀጠ፣ ክንፉን አስተካከለ፣ ከዛፎቹ ራስ በላይም ወጣ። ሊቀ መንበሩ ሳይታወቀው አንገቱን አቅንቶ ይከተለው ነበር።

ሲርቅ እንዳሻት ታዘዘላት። ፊቱን ወደ እርሷ መልሶ ሲመጣ ግን ግራና ቀኙ ተገለባበጠባት። ወደ ቀኝ ላቅናው ስትል ወደ ግራ ሰደደችው፤ አንድ ክንፉ ሣሩን ጠራርጎ ተገለበጠ።

ሊቀ መንበሩ ቀድሟት ደረሰ። “አላልኩም? ጫፉ ተሰብሯል! አሁንስ በቃሽ፤ ስጪኝና እንስቀለው!” ብሎ እጁን ዘረጋ።

አውሮፕላኑን አንሥታ ከሥሩ አፈሩን አራገፈች፤ የተሰበረውንም ጫፍ ከቦታው ገጥማ አየችው። ከዚያ የተዘረጋውን እጅ አልፋ ወደ አባላቱ ዞረች።

“ሙጫ የያዘ ማን ነው?”